ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ተክለ ሃይማኖት፣ ከአደባባዩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጃፍ ላይ የሚቀርባት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለች። ዕለቱ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ረቡዕ ነው። ወርኃዊው የተክለ ሃይማኖት በዓል ስለሆነ ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ። የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሠፈሩ «ጋሼ» የሚላቸው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ሁለተኛዋ ባለሱቋ፣ የጥገና ባለሙያዋ። ደጃፍ ላይ የቀረሁት ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጣልቃ የምገባው ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ነው፤ ዊንዶውሱ ወርዶ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበታል።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ የኔ ልጅ። «ሞቷል» ብለውኛል። የጎረቤት ልጅ አየውና «ዲስኩ ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ስንት ዘመን ያዘጋጀሁት የፈተና ጥያቄ፣ በአማርኛ የጻፍኩት የፊዚክስ ማስታወሻ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፎርማት ሲለኝ ደም ግፊቴ ነው የተነሣው።

ባለሙያዋ፦ ይቀመጡ ጋሼ። ልጁ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ አየው?

ጋሼ፦ የለም። ስክሪኑ ላይ የመጣውን እንግሊዝኛ አንብቦ ነው የፈረደው።

ባለሙያዋ፦ ጽሑፉ የሚለው «የምነሣበት ሲስተም አላገኘሁም» ነው። አላገኘሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። እዚህ አካባቢ ግን መድኃኒቱ አንድ ሆኗል፤ ቫይረስ ሲገባ ፎርማት፣ ሲዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ሲጠፋ ፎርማት። እስቲ ላብራው። አዩ? ሎጎው እንዳለፈ ሁለት ቁጥር ጻፈ፤ 0271 እና 0251። የመጀመሪያው «ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉልኝ» ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ «ያስቀመጥኩት ሴቲንግ ስደምረው አልገጥም አለኝ» ማለቱ ነው። ኢንተርኔትም ሲያስቸግርዎት ነበር አይደል?

ጋሼ፦ በምን አወቅሽ? ድረ ገጽ ልከፍት ስል «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል። ያው ገጽ በስልኬ ይከፈታል። እኔማ ኔትወርኩን ስረግም ነው የከረምኩት።

ባለሙያዋ፦ ኔትወርኩ በዚህ እንኳ ንጹሕ ነው። ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሽንዎ ዛሬን 2012 ነው ብሎ ካመነ፣ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተሰጠ ሆኖ ይታየዋል። አዲስ ፕሮግራም ላውርድ ሲሉትም እምቢ የሚለው በዚሁ ነው፤ ከሚንት የሚመጣው የፕሮግራም ዝርዝር «ቀኑ ገና አልደረሰም» ይባላል።

ጋሼ፦ 2012 በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ኮሮና የገባበት ዓመት ነው፤ እባክሽ ወደዚያ አትመልሺን።

ባለሙያዋ፦ በፈረንጅ ነው፣ የተሠራበት ዓመት። ሁሉን የረሳችው ይህች ናት፤ ቆይ ካቻቢቴዬን ላንሳ። ይኸው። ሲአር 2032 የምትባል የሰዓት ባትሪ ናት። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፤ ቁጥሯ ልኳ ነው። ስትወለድ 3 ቮልት ነበረች። ቴስተሩን ይመልከቱ፦ 1.1። ዋናው ባትሪና ቻርጀሩ እስካሉ ድረስ ችግሯ አይታይም። መብራት ጠፍቶ ዋናው ባትሪም ሲያልቅ ግን ሰዓቱን የሚይዝ የለም።

ጋሼ፦ ከመርካቶ አንድ ሳንቲም ባትሪ ገዝተሽ ሽቦውን በየድ አድርጊዋ።

ባለሙያዋ፦ በቀጥታ ከተበየደማ አለቀላት፤ የብየዳው ሙቀት ያበላሻታል፣ ሊያፈነዳትም ይችላል። የዚህ ማሽን ባትሪ ሽቦዋና ሶኬቷ ከፋብሪካ ተያይዞ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ነው የምትመጣው። አለኝ፤ እቀይርልዎታለሁ። ይልቅ ልጁ ምን ምን እንደነካ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ኤፍ1ን ተጭኖ ወደ ባዮስ፣ ወደ ማሽኑ መነሻ ሴቲንግ፣ ገባ። ከዚያ ኤፍ9፣ ከዚያ ኤፍ10። «ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለስኩት፣ አሁን ይስተካከላል» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭራሽ አልነሣም አለ።

ባለሙያዋ፦ ይኼ ነው! ባትሪዋ ሰዓቱን ነው ያጠፋችው፤ ሞት ያስመሰለው ኤፍ9 ነው። ወደዚህ ቀረብ ይበሉ። ይህ መስመር «ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተመቸ የፋብሪካ ሴቲንግ» እንደማለት ነው፤ በርቷል። እሱ በርቶ እያለ ኤፍ9 ሲጫኑ ማሽኑ ዊንዶውስ 8 በሚፈልገው መልክ ይዘጋጃል፤ መነሻው ዩኢኤፍአይ ብቻ፣ የድሮው ሌጋሲ የሚባለው መንገድ ዝግ፣ ሴኪዩር ቡት የበራ። የእርስዎን ሚንት ማን ጫነው?

ጋሼ፦ የእህቴ ልጅ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን ቆመ ተባለ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ማሽን አልቀበልም አለ። «ላፕቶፑን ይጣሉትና ሌላ ይግዙ ወይ ሊኑክስ ልጫንልዎ» አለኝ። በጡረታ ደሞዝ የትኛውን እንደምመርጥ ታውቂዋለሽ።

ባለሙያዋ፦ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የእርስዎ ሦስተኛ ትውልድ ነው። የእህትዎ ልጅ ጥሩ አድርጓል። ግን በሌጋሲ መንገድ ሳይጭነው አልቀረም። ስለዚህ ማሽኑ ዩኢኤፍአይ ብቻ ሲባል የሚንት መነሻ አይታየውም። ፋይልዎ ግን አልተነካም። ሴኪዩር ቡትን አጠፋለሁ፣ መነሻውን ወደ ሌጋሲ እመልሳለሁ፣ ኤፍ10። … ይኸው ተነሣ።

(እዚህ ላይ ጋሼ ተነሡ። ፋይሎቻቸውን አንድ በአንድ እየከፈቱ አዩ፤ እሷም አላቻኮለቻቸውም። የሠፈራችን ጥገና ከሰው ቁጣ የሚተርፈው በዚህች ትዕግሥት ይመስለኛል፤ ብዙ ቦታ አትገኝም።)

ጋሼ፦ ተመስገን! እንግዲህ ልቤ ከተመለሰ የሚያበሳጨኝን ልንገርሽ። ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ ገንዘቡ የእኔ። ኤፍ9 ሲነካ ግን ማሽኑ የሚመለሰው ወደ ዊንዶውስ ፍላጎት ነው። ይህን የወሰነው ማን ነው?

ባለሙያዋ፦ በ2012 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ማይክሮሶፍት አምራቾችን «አርማዬን ለመለጠፍ ከፈለጋችሁ ሴኪዩር ቡትን አብርታችሁ ሽጡ» አላቸው። አምራቾቹም እሺ አሉ። የፋብሪካ ሴቲንግ የሚባለው ለአንድ ደንበኛ ታስቦ የተቆረጠ ውሳኔ ነው፤ ያ ደንበኛ እርስዎ አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ የሚጠቀም የሌላ አገር ሠራተኛ ነው። ማሽኑ ሦስተኛ እጅ ላይ ደርሶ ተክለ ሃይማኖት ሲገባም ውሳኔው አብሮ ይመጣል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ሴኪዩር ቡት ሰንሰለት ነው በይኛ።

ባለሙያዋ፦ አልልም። ጥቅም አለው። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነበበው ፕሮግራም የታወቀ ፊርማ እንዳለው ያያል፤ ከዊንዶውስም ከሊኑክስም በፊት የሚደበቅ ቫይረስ እንዳይገባ ነው። ዋናዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶችም በማይክሮሶፍት የተፈረመች ትንሽ መነሻ ይዘው በእሱ ያልፋሉ። ቅር የሚለኝ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት የሚፈርምበት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰርተፍኬት ዕድሜው በጁን 2026 ያበቃል። የተፈረሙት አሮጌዎቹ መነሻዎች በአብዛኛው መነሣታቸውን ይቀጥላሉ፤ ፈርምዌሩ፣ ባዮስ የምንለው፣ ቀኑን ብዙም አይቆጣጠርም። በሚተካው አዲስ ሰርተፍኬት የሚፈረመውን ለመቀበል ግን ማሽኑ አዲሱ ቁልፍ ሊገባለት ይገባል። ለ2012 ማሽን አምራቹ ይህን ብሎ ይደክማል ብዬ አልጠብቅም።

ጋሼ፦ አየሽ፣ ሰንሰለት ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ለሰንሰለት እንኳ የተሻለ ምሳሌ ልስጥዎት። ለዚህ ማሽን የተሻለ የዋይፋይ ካርድ ገዝተው ቢሰኩበት «1802፣ ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ» ብሎ ይቆማል። ባዮሱ ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ። ካርዱ ደህና ነው፣ ሶኬቱ ደህና ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ የለም፣ አለቀ። ለዚህኛው የሚከራከርለት ጥሩ ምክንያት አላገኘሁም።

ጋሼ፦ ታዲያ ባዮሱን ራሱን አውጥቶ በነፃው መቀየር አይቻልም? የእህቴ ልጅ ኮርቡት የሚባል ነገር ሲያወራ ሰምቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ ይቻላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሎስ አላሞስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሮን ሚኒች ሊኑክስባዮስ ብሎ ጀመረው፤ ኋላ ኮርቡት ተባለ። የጉግል ክሮምቡኮች በሱ ነው የሚነሡት። የእርስዎም ሞዴል ይቀበለዋል። ግን ማሽኑን ፈትቼ፣ ቺፑን በመቆንጠጫ ይዤ፣ ስልክ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ፕሮግራመር መጻፍ አለብኝ። የሚያገኙት ነፃነት ነው፤ ፍጥነት አይደለም። የፊዚክስ ማስታወሻ ለመጻፍ አያስፈልግዎትም።

ጋሼ፦ ነፃነት አያስፈልግዎትም አልሽኝ?

ባለሙያዋ፦ ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይውሰዱብኝ! ቺፑ ሳይነካ የሚገኝ ነፃነት አለ ማለቴ ነው። አሁን ዋናው ሰዓቱ ነው። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

ጋሼ፦ ዘጠኝ።

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ በፈረንጅ 15። ባዮሱ ላይ የምጽፈው ግን 12 ነው።

ጋሼ፦ ምነው? ሦስቱም ልክ ሊሆኑ?

ባለሙያዋ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚያነበው፤ አዲስ አበባ ከሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ልዩነቱን ራሱ ይጨምራል። ዊንዶውስ ደግሞ የማሽኑን ሰዓት የአገሩ ሰዓት አድርጎ ነው የሚወስደው። ሁለቱን አንድ ላይ የጫነ ሰው ሊኑክስ ተጠቅሞ ወደ ዊንዶውስ ሲሄድ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ ወደኔ ይመጣል። እኔም ባትሪ አልሸጥለትም፤ ሊኑክሱን «አንተም የአገሩን ሰዓት ያዝ» እለዋለሁ። አንድ ትእዛዝ ናት።

ጋሼ፦ ይህ ለክፍል ጥሩ ጥያቄ ይሆን ነበር። ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት፤ ሁሉም አንድ ቅጽበት።

ባለሙያዋ፦ ቀኑንም ዲሴምበር 3፣ 2025 ነው የምለው። ኅዳር 24ን ባዮስ አያውቃትም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሊኑክስ ከዊንዶውስ የተሻለ ጨዋ ነው፤ ባለቤቱን ያከብራል።

ባለሙያዋ፦ ቀስ ይበሉ። ላፕቶፕ የገደለ ሊኑክስም አለ። በዲሴምበር 2017 ኡቡንቱ 17.10 የተወሰኑ የሌኖቮ፣ የኤሰርና የቶሺባ ላፕቶፖችን ባዮስ ዘጋ። ዲስኩን አልነካም፤ ነገር ግን ባዮስ ውስጥ ገብተው የሚቀይሩት ነገር አልቀመጥ አለ፣ ብዙዎቹም ላይ በፍላሽ መነሣት ቀረ። ምክንያቱ ባዮሱ የተጻፈበትን ቺፕ ማነጋገር የሚችል የኢንቴል ድራይቨር በሊኑክሱ እምብርት፣ በከርነሉ፣ ውስጥ በርቶ መውጣቱ ነበር። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል እትሙን ከማውረጃው ገጽ አነሣ፣ ድራይቨሩን አጥፍቶ በጃንዋሪ 2018 እንደገና አወጣው። ማንም ሰው ምንም ሴቲንግ አልነካም ነበር፤ ሲስተሙን ብቻ ነው የጫኑት።

ጋሼ፦ ይህንማ አልሰማሁም።

ባለሙያዋ፦ ከሱ በፊት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ በዩኢኤፍአይ ሲነሣባቸው እስከ መጨረሻው ጠፉ። ሁሉም ሊኑክስን ረገመ። ቆይቶ ማቲው ጋሬት የተባለ የሊኑክስ ሰው ያንኑ ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ አደረገው፤ ጥፋቱ የፈርምዌሩ ነበር፣ ማስታወሻው ሲሞላ መነሣት ያቅተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ መጣ። ሊኑክስ የፈርምዌሩን ማስታወሻ እንደ ተራ ፋይል አድርጎ ያሳያል፤ አንድ ሰው ሲስተሙን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ሲያጠፋ እነዚያም አብረው ጠፉ። ፎርማት ቢደረግም አልነሣ አለ፤ የጠፋው ከዲስኩ በታች ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ እነዚያን ፋይሎች በዋዛ እንዳይሰረዙ አድርጓቸዋል።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሁለቱንም አላመንሻቸውም።

ባለሙያዋ፦ ሊኑክስን የምወደው ሲያጠፋ ጥፋቱ በአደባባይ ስለሚታይ ነው። የኡቡንቱው ድራይቨር ማን እንዳበራው፣ ማን እንዳጠፋው፣ በየትኛው መስመር እንደሆነ ተጽፎ ይነበባል። የሳምሰንጉን ፈርምዌር ማን እንደጻፈው እስካሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ጋሼ፦ ያስተማርኩበትን ዘመን አስታወስሽኝ። በ2001 ዓ.ም አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባሉት፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሁለት አንቴና ያላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች በሺዎች መጥተው ነበር።

ባለሙያዋ፦ ኤክስኦ! እኔ ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለእኛ ትምህርት ቤት አልደረሰንም፤ የጎረቤት ልጅ ጋ ነው ያየሁት። የአማርኛ ፊደል ያለበት ኪቦርድ ነበረው። ውስጡ ፌዶራ ሊኑክስ እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ነው። 256 ሜጋባይት ሚሞሪ፣ 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር። የሚገርመው ግን ፈርምዌሩ ነው። ኦፕን ፈርምዌር ይባላል፤ ሚች ብራድሊ ፎርዝ በሚባል ቋንቋ የሠራው ነው። ከሲስተሙ በታች ወርዶ ትእዛዝ እየጻፉ የሚሞክሩበት ገጽ አለው። ለልጅ መማሪያ ከዚህ የበለጠ አይገኝም።

ጋሼ፦ ልጆቹ ሞከሩታ?

ባለሙያዋ፦ በአብዛኛው ተቆልፎ ነው የተሰጠው። ሌባ እንዳይወስደው ሲባል የመፍቻ ቁልፍ በጥያቄ የሚሰጥ ተደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ለመማር ተብሎ የተሠራ ማሽን፣ ታችኛው ክፍሉ ለተማሪው ዝግ ሆኖ መጣ።

ጋሼ፦ የወንጪውስ? በ2012 እ.ኤ.አ. እነዚያው ሰዎች ወንጪና ወለንጪቲ ውስጥ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በሣጥን ትተው ሄዱ። የፕሮጀክቱ መሥራች ኔግሮፖንቴ ራሱ በአደባባይ ተናገረ፤ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፣ በአምስት ወር የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ አለ። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ይህን የነገሩን ታብሌቱን የሰጡት ሰዎች ናቸው። ልጅ ካሜራ ከፈተ ማለት ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ማንበቡን ለእርስዎ እተወዋለሁ፤ በዚያ እስማማለሁ። ካሜራው ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ካሜራውን የዘጋው ከራሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ልጆቹ ያ ውሳኔ የማይነካ መሆኑን የነገራቸው ስላልነበረ ነኩት። የእርስዎ ጎረቤት ልጅ ግን የፋብሪካው ሴቲንግ ትክክለኛው ነው ተብሎ ተነግሮት ያደገ ነው። ኤፍ9 የነካው በድፍረት አይደለም፤ በመታዘዝ ነው።

ጋሼ፦ አሁን ያልሽው ያስከፋኛል፤ ልጁን እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

(ሁለቱም ሳቁ። ለእኔ ግን ክርክሩ አላለቀም፤ ታብሌት ላይ የተሳሳተ ሴቲንግ ይመለሳል፣ ፈርምዌር ላይ የተሳሳተ ሴቲንግ አንዳንዴ አይመለስም። ጠየቅኳት። «እሱን ልናገር ነው» አለችኝና ስልኳን አወጣች።)

ባለሙያዋ፦ አንድም ነገር ከመቀየሬ በፊት የባዮሱን ገጾች በሙሉ ፎቶ አነሣለሁ። የመጀመሪያው ሴቲንግ ምን እንደነበረ የማያውቅ ሰው የሚመለስበት የለውም። ከዚያ፣ ቅድም እንዳደረግኩት አብረው የሚሄዱ ካልሆኑ በቀር፣ አንድ ነገር እቀይራለሁ፣ አስነሣለሁ፣ አያለሁ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩት።

ጋሼ፦ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ። ልክ ነሽ። የፎቶውን ነገር ግን ለደንበኛው ስጪው፤ ስልክሽ ላይ ቀርቶ ምን ይሠራል?

ባለሙያዋ፦ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ። ሌላም አለ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጡት ከርነሎች ጀምሮ ሊኑክስ የሌኖቮንና የዴልን የባዮስ ሴቲንግ ከውስጥ ሆኖ ማንበብና መቀየር ጀምሯል። በየጊዜው ኤፍ1 መጫን ቀርቶ፣ ሲስተሙ ተነሥቶ እያለ ዝርዝሩን በፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። እንዳልኩዎት ከውስጥ የሚደርስ እጅ ሊያበላሽም ይችላል። ስለዚህ ለማንበቢያ እጠቀምበታለሁ፤ ለመቀየር ግን አሁንም ኤፍ1 እመርጣለሁ።

ጋሼ፦ የእህቴ ልጅም ለራሱ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። ምን ልበለው?

ባለሙያዋ፦ ከዱባይ የሚመጣው «ስላይትሊ ዩዝድ» ብዙው የድርጅት ማሽን ነው። ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያጥፋውና ያብራው፣ ባዮስ ውስጥ ይግባ፤ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10። ፓስወርድ ከጠየቀው ሻጩ «ቀላል ነው፣ ባትሪዋን ስታወጣት ይጠፋል» ይለዋል። ቲንክፓድ ላይ አይጠፋም፤ ፓስወርዱ ሌላ ቺፕ ላይ ነው የተቀመጠው። ያለ ፓስወርዱ ሴቲንጉን መቀየር አይችልም፤ ሊኑክስ ልጫን ሲልም እንደ ዕድሉ ነው። ይተወው። ቀኑንም ይመልከት፤ ቀኑ ከራቀ የሰዓት ባትሪዋ አልቃለችና ዋጋ ይቀንስበት።

ጋሼ፦ እሺ። እኔ ደግሞ የመጨረሻ ልመና አለኝ። እዚህ ከደረስን ባዮሱን ራሱን በአዲሱ ቀይሪልኝ። ሌኖቮ ያወጣው አለ አይደል?

ባለሙያዋ፦ አለ፤ እኔ ግን አልቀይርም። ዋና ባትሪዎ ብቻውን ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ጋሼ፦ ሩብ ሰዓት ከቆየ ደግ ነው።

ባለሙያዋ፦ ባዮስ እየተጻፈ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ማብሪያውንም አይሰማም። ዛሬ ጠዋት መብራት ሁለቴ ሄዷል። ደግሞ ከአዲሱ ባዮስ የሚፈልጉት ምንድን ነው? በ2018 እ.ኤ.አ. ስፔክተር ተብሎ ለወጣው የፕሮሰሰር ክፍተት ኢንቴል የሰጠውን ማስተካከያ ከሆነ፣ እሱን ሚንት ሲነሣ ራሱ ነው ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጭነው፤ ቺፑን ሳይነካ። ማሽኑ ሳያስቸግር ባዮስ የሚቀይር ጠጋኝ ሥራ የፈታ ነው።

ጋሼ፦ ሥራ ፈት አላልኩሽም። ስለ ባትሪው ካነሣሽ ግን፣ ሁሌ ቻርጀር ላይ ነው የምተወው። የገደልኩት በዚያ ነው ይላሉ።

ባለሙያዋ፦ ይሆናል። ሙሉ ሆኖ ሁሌ ሲሞላ የሊቲየም ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ቲንክፓድ ላይ ጥሩ ነገር አለ፤ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ቺፕ «80 ከመቶ ሲደርስ አቁም» ቢባል ያቆማል። ሊኑክስ ይህን ከውስጥ ያዘዋል፤ ባዮስ መግባትም አያስፈልግም። አዲስ ባትሪ ሲያስገቡ እንዲህ እናድርገው?

ጋሼ፦ መብራት ሲሄድስ? አምስተኛው እጅ ቀነሰብኝ ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ አዎ። የተጻፈው ምክር ሁሉ 80 ነው የሚለው፤ ጻፊዎቹ ግን መብራት የማይሄድባቸው ናቸው።

ጋሼ፦ እንግዲያው 80 አይሆንም። መብራት በሚሄድበት ሰሞን 100፣ ደህና ሲሆን 80። የማስታወሻዬን ምዕራፍ መሐል ላይ ከሚያቋርጠኝ ባትሪው ይርጅ።

ባለሙያዋ፦ ሁለት ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ለ80፣ አንዱ ለ100። ለዚህ ደግሞ እኔ ጋ መምጣት የለብዎትም። ኪቦርዱን ይያዙ፣ ራስዎ ይጻፉት፤ እኔ እነግርዎታለሁ።

ጋሼ፦ ቆይ መነጽሬን ላድርግ። በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ቀስ ብለሽ።